ሼር የማይደረገው የምኒልክ አዋጅ

የካቲት 23 ሲደርስ ስልካችን በአጤ ምኒልክ ፎቶ ይጥለቀለቃል። እኔም ፎቷቸውን ሼር ከሚያደርጉት አንዱ ነኝ። ጥቁርን ዝቅ አድርጎ ያየን ጦር ድል ነስተዋልና ሲያንሳቸው ነው! ዛሬ የማወራችሁ ግን ብዙም ሼር ስለማይደረግ ሌላ ሥራቸው ነው።

ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. አንጎለላ ተወለዱ። በ11 ዓመታቸው አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት ሞቱ፤ እሳቸውም በአጤ ቴዎድሮስ ተይዘው መቅደላ ገቡ። አሥር ዓመት ገደማ ቆይተው አመለጡና ሸዋን ያዙ። ኋላም እንጦጦን መናገሻቸው አደረጉ፤ በ1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ። ከዚያ 1888፣ ዓድዋ! ወሬው ባሕር ተሻግሮ፣ ቤኒቶ ሲልቫን የተባለ የሄይቲ ተወላጅ የጥቁሮች መብት ተሟጋች ሊያያቸው መጣ።

አገር ቤት ግን ሌላ ንቀት ነበር። ማረሻና ጦር የሚቀጠቅጠው፣ ሸማ የሚሠራው፣ ቆዳ የሚፍቀው ሁሉ ይሰደባል፤ ቡዳ ይባላል፤ ጋብቻ ይከለከላል። በሙያው ሳይሆን በዘሩ ነው የሚናቀው።

ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ይህን የሚከለክል አዋጅ አወጁ። የሰው ልጅ ሁሉ የአዳምና የሔዋን ዘር መሆኑን አስታወሱ። አውሮፓ የበለጸገው ሠራተኛውን ስላከበረ እንደሆነ፣ እኛ ግን እየሰደብን እያሸሸነው እንደሆነ አስረዱ። ከእንግዲህ ባለሙያን የሰደበ እሳቸውን እንደሰደበ ተቆጥሮ አንድ ዓመት እንዲታሰር አዘዙ። በ1906 ዓ.ም. አረፉ።

እውነቱን እንነጋገር፤ በዘመናቸው ባርነት አልቀረም። ሕጋዊነቱን ያጣው በ1934 ዓ.ም. ነው። አዋጁም ቢሆን ስድቡን አላጠፋውም።

እስቲ ከእንጦጦ ቁልቁል ውረዱ። ቀጨኔ ሸክላ የሚሠሩ እናቶች አሉ፤ ሽሮ ሜዳ የጋሞ ሸማኔዎች አሉ። ቡናችን የሚፈላው በነሱ ጀበና ነው። የዓድዋ ቀን የምንደምቀው በነሱ ጥለት ነው። ልጃቸው ለጋብቻ ሲጠየቅ ግን ዘሩ ይጠና የሚል ዘመድ ዛሬም አይጠፋም። ኮመንት ላይ ደግሞ የሰው አፍንጫና የቆዳ ቀለም እያየ የሚሳደበው ስንቱ ነው?

አውሮፓ ስታዲየም ውስጥ ጥቁር ተጫዋች በዝንጀሮ ድምፅ ሲሰደብ ሁላችንም እንናደዳለን። ልክ ነን። ግን ያ ደጋፊና ዘር አጥኚው ዘመዳችን የሚያስቡት አንድ ነገር ነው፦ ሰው ሲወለድ ጀምሮ ያንሳል ብለው።

ለኔ ምኒልክ ሁለት ጦርነት ከፍተዋል። የመጀመሪያውን ከሕዝባቸው ጋር በአንድ ቀን አሸነፉ። ሁለተኛው ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፣ አላለቀም። እሱን የምንጨርሰው እኛ ነን፤ ቤታችን ውስጥ፣ ሽምግልና ሲላክ፣ ኮመንት ስንጽፍ።