ቅድስት ወለተ ጴጥሮስና የመሪነት ጥያቄ

እኛ የሽንዲ ወጣቶች ሥራ አመራር ስንመርጥ ሰብሳቢነቱን ለወንድሞች፣ ጸሐፊነቱን ለእኅቶች መስጠት ለምደናል። አንዲት እኅት መሪ ለመሆን ብትመኝ ምኞቷን እንደ ድፍረት የሚቆጥርባት አይጠፋም። ስለዚህ በዚህ እትም፣ የቡሬን መንገድ ይዘን ባሕር ዳር ስንደርስ በምናየው በጣና ሐይቅ ዙሪያ ማኅበር ያስተዳደረች እናት ታሪክ እናቀርባለን።

ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ በ1584 ዓ.ም. ገደማ ከመኳንንት ወገን ተወለደች። የዐፄ ሱስንዮስ ሹም ለነበረው ለመልክዐ ክርስቶስ ተዳረች። ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። የካቶሊክ ሃይማኖት ወደ ቤተ መንግሥት ሲገባ ባሏ ከንጉሡ ጋር ቆመ፤ እርሷ ግን ለመመንኰስ ከቤቷ ወጣች። ባሏም ተከትሎ ያስጠጓትን ሰዎች ስላስጨነቀ፣ በእርሷ ምክንያት ድኻ እንዳይበደል ብላ ተመለሰች። ይህን እንደ ሽንፈት የሚያየው ይኖር ይሆናል፤ ለእኛ ግን መሪነቷ የጀመረው እዚህ ላይ ይመስለናል።

በ1609 ዓ.ም. አቡነ ስምዖን ተገደሉ። የጳጳሱ ልብስ በባሏ እጅ እንደ ገባ ባወቀች ጊዜ ከእርሱ ጋር መኖር አልቻለችም። ምግብ ተወች፤ በመጨረሻም አሰናበታትና መነኰሰች። ከዚያ በኋላ ባሏንና ልጇን ትታ የመጣችው እኅተ ክርስቶስ የዘመን ሁሉ ጓደኛዋ ሆነች።

የንጉሡን ሃይማኖት ሕዝቡ እንዳይቀበል ስለምታስተምር ተከሳ በሸንጎ ፊት ቆመች፤ በኋላም ዠበይ ወደሚባል ቆላ ለሦስት ዓመት ተጋዘች። በግዞት ማንም አይሰማትም ተብሎ ይሆናል። ነገር ግን ምእመናን እስከዚያ ድረስ ተከተሏት፤ የመጀመሪያው ማኅበሯም እዚያው ተመሠረተ። በጠቅላላው 7 ማኅበራት መሠረተች፤ ወንዶችም ሴቶችም ለየብቻ እያደሩ በእርሷ ሥርዓት ይኖሩ ነበር። ሹመቱን ግን ፈልጋ አልያዘችውም፤ ነፍሳትን መጠበቅ አልችልም ብላ እንደ ሸሸች ገድሏ ይናገራል። እመቤት ሆና ያደገችው ሴት እህል ትፈጭ፣ ውኃም ትቀዳ ነበር።

በ1624 ዓ.ም. ሱስንዮስ የቀድሞውን ሃይማኖት መለሰ። ስደቱ ቢያበቃም ሌላ ፈተና ተነሣባት፤ ይህኛው የመጣው ከራሳችን ሊቃውንት ነው። ሴት ልታስተምርና ልትመራ እንዳልተፈቀደላት የሐዋርያው ጳውሎስን ቃል እያመጡ ተከራከሩ። ስመ ጥሩው መምህር አባ ፈትለ ሥላሴ ግን እኛ ስለ ደከምን እግዚአብሔር እርሷን እንዳስነሣት፣ ከእርሱ የሆነውንም ማንም ሊያፈርስ እንደማይችል ነገሯቸው። ገማልያል ስለ ሐዋርያት የተናገረውን ያስታውሷል! ከዚያ ወዲያ ማኅበሯን የበተነ አልነበረም።

ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. አረፈች። ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ ገላውዴዎስ የተባለ መነኰስ፣ የማኅበሩ ሰዎች የነገሩትን ሰብስቦ ገድሏን በግእዝ ጻፈ። ማኅበሩን ከእርሷ ተረክባ የመራችው እኅተ ክርስቶስ ነበረች።