አሸናፊ ከበደ፦ የእረኛውን ዋሽንት ወደ ሲምፎኒ መድረክ ያወጡት ኢትዮጵያዊ

የሲምፎኒ ኦርኬስትራ የራሱ ሥርዓት አለው። በርካታ ሙዚቀኞች በፊታቸው የተዘረጋውን ኖታ እያነበቡ የአንድ መሪን እጅ ይከተላሉ። ከብቶቹን አሰማርቶ ዋሽንት የሚነፋ እረኛ ግን ኖታም ሆነ መሪ የለውም፤ ዜማውን የተማረው በጆሮው ሰምቶ ነው። እነዚህን ሁለት ዓለማት ለማገናኘት ዕድሜያቸውን ከሰጡ ኢትዮጵያውያን መካከል የሙዚቃ ቀማሪና ተመራማሪ የነበሩት ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ በቀዳሚነት ይጠቀሳሉ።

አሸናፊ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1938 አዲስ አበባ ውስጥ ተወለዱ። በዚያ ዘመን የምዕራቡ ዓለም ሙዚቃ በኢትዮጵያ የሚታወቀው በአብዛኛው በማርሽ ባንድ ነበር። በ1924 ወደ አዲስ አበባ የመጡት አርባው የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችና መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ለዚህ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። አሸናፊ ግን ከማርሹ አልፈው የክላሲካል ሙዚቃን ቅመራ ለማጥናት ወደ አሜሪካ ተጓዙ፤ በ1962ም ሮቸስተር ከሚገኘው የኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተመረቁ።

ወደ አገራቸው ሲመለሱ በቅዱስ ያሬድ ስም የሚጠራውን የሙዚቃ ትምህርት ቤት መሠረቱ፤ የመጀመሪያው ዳይሬክተርም ሆኑ። የትምህርት ቤቱ ስም ራሱ መልእክት ነበረው። ያሬድ በስድስተኛው ክፍለ ዘመን የቤተ ክርስቲያንን ዜማ እንደደረሰ የሚታመን ሊቅ ነው። ኢትዮጵያ ከባሕር ማዶ ሙዚቃ ስትማር የራሷ ዜማ የሌላት አገር ሆና እንዳልሆነ ስያሜው ይመሰክራል። በዚህ ትምህርት ቤት ፒያኖና ቫዮሊን ከክራር፣ ከማሲንቆና ከዋሽንት ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ለመማሪያነት በቁ።

በ1967 አሸናፊ የሀንጋሪን መንግሥታዊ ኦርኬስትራ መሩ። ከሥራዎቻቸው ዋነኛው «እረኛው ባለዋሽንት» የተሰኘው ድርሰት ነው። ድርሰቱ ቀላል ፈተና አልነበረበትም። የኢትዮጵያ ባህላዊ ዜማ እንደ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ባሉ ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶች ላይ ይቆማል፤ በአብዛኛው የሚጓዘውም በአንድ የዜማ መስመር ነው። የምዕራቡ ኦርኬስትራ ግን ብዙ ድምፆችን ደራርቦ ማሰማትን የለመደ ነው። ድምፁ ሲበዛ ዜማው ይዋጣል፤ ሲያንስ ደግሞ ኦርኬስትራው ሥራ ይፈታል። ሀንጋሪያውያን ይህን ጥያቄ ቀድመው ያውቁታል፤ ባርቶክና ኮዳይ የገበሬዎቻቸውን ዘፈን ከየመንደሩ ሰብስበው ለኦርኬስትራ አብቅተዋልና።

አሸናፊ ዜማን መቀመር ብቻ አልበቃቸውም፤ ከየት እንደመጣ ማወቅም ፈለጉ። በአሜሪካ ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያን ሙዚቃ አጥንተው በ1971 የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ። ከስድስት ዓመት በኋላ ስለ ክራርና ስለ ሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ዘመዶቹ ጥናት አሳተሙ። በእርግጥም ክራር ድንበር የማያግደው መሣሪያ ነው። ከመተማ ወዲያ ማዶ፣ በገዳሪፍና በሀዋታ አድርጎ እስከ አባይ ዳርቻ ባለው የሱዳን ምድር ታንቡር ተብሎ የሚጠራው መሣሪያ የክራር የቅርብ ዘመድ ነው። ባለ አምስት ድምፅ ቅኝትም በሁለቱም አገሮች የሚሰማ በመሆኑ የአንዱ ዘፈን ለሌላው ጆሮ ባዕድ አይሆንም።

ፕሮፌሰሩ ቀሪ ዘመናቸውን በአብዛኛው በአሜሪካ በማስተማር አሳለፉ። በ1982 የጥቁሮችን ሙዚቃ ሥረ መሠረት የሚመረምር መጽሐፍ አሳተሙ። የጃፓኑን ኮቶ ከምዕራባውያን መሣሪያዎች ጋር ያጣመረ ድርሰትም አላቸው። በ1998 በስልሳ ዓመታቸው ገደማ በፍሎሪዳ ግዛት አረፉ።

የመሠረቱት ትምህርት ቤት ዛሬም በአዲስ አበባ ሙዚቀኞችን ያፈራል። የአንድ ኦርኬስትራ የኮንሰርት ወቅት ሲታቀድ የቤትሆቨንና የሞዛርት ሥራዎች ቦታቸው አስቀድሞ የተጠበቀ ነው። አሸናፊ የዋሽንቱም ዜማ በዚያው መድረክ ቦታ እንደሚገባው በቃል ብቻ አልተከራከሩም፤ በኖታ ጽፈው፣ ኦርኬስትራ ፊት ቆመው አሰሙት።