የተሰማ ዋንጫ፦ አቶ ይድነቃቸው ተሰማና የአፍሪካ ወጣቶች እግር ኳስ

ከአንኮበርና ከደብረ ብርሃን ደጋ ወደ ደቡብ ሲወርዱ የሚገኘው፣ ዛሬ በሰሜን ሸዋ ዞን የሚተዳደረው ምንጃር፣ በጤፉ የታወቀ አገር ነው። በ1869 ዓ.ም. ገደማ በዚሁ አገር የተወለዱት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ግን የትውልድ ቀያቸውን ያስጠሩት በእህል ሳይሆን በቅኔና በዜማ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን አገር ተልከው ድምፃቸውን በሸክላ ካስቀረጹት ኢትዮጵያውያን ቀዳሚው እርሳቸው ነበሩ። ስማቸው ከአንድ ትውልድ በኋላ ከሌጎስ እስከ ካይሮ በወጣቶች የእግር ኳስ ዋንጫ ላይ ተጽፎ ሲዞር ግን ምክንያቱ ቅኔው ሳይሆን ልጃቸው ይድነቃቸው ነበር።

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ የተወለዱት መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ነው። ያደጉትና የተማሩት በአዲስ አበባ ሲሆን፣ በ1928 ዓ.ም. በአራዳ የተቋቋመው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ገና ከመጀመሪያው በተጨዋችነት ተቀበላቸው። ወዲያው የፋሺስት ወረራ ደረሰ። ወራሪው ኳስን እንኳ በዘር ከፍሎ የአገሬውን ተወላጅ ለብቻው እንዲጫወት ሲያደርግ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስንም ስም ሽሮ ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር ተብሎ እንዲጠራ አስገደደ። ወጣቱ ይድነቃቸው የሰው ልጅ በቆዳው ቀለም ተለይቶ ከሜዳ ሲወጣ ምን እንደሚሰማው የተረዱት በመጽሐፍ ሳይሆን በገዛ እግራቸው ነው። በኋለኛው ዘመናቸው በዚህ ጉዳይ ላይ ያሳዩት ጽናት ከዚህ የመነጨ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ከነፃነት በኋላ መጫወቱንና ማደራጀቱን ጎን ለጎን አስኬዱ። ለቅዱስ ጊዮርጊስ 23 ዓመት ተጫውተዋል፤ ለብሔራዊ ቡድንም ተሰልፈዋል። የአገሪቱ የስፖርት ጽሕፈት ቤትና የእግር ኳስ ፌዴሬሽን እንዲቆም፣ የጨዋታው ደንብም በአማርኛ እንዲለመድ ደክመዋል። በየካቲት ወር 1949 ዓ.ም. በካርቱም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት ኢትዮጵያን ወክለው ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኑ። በዚያው ጊዜ ለመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ የተመደበችው ከደቡብ አፍሪካ ጋር ነበር፤ ሆኖም ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር ተጨዋቾችን ያቀላቀለ ቡድን አላቀርብም በማለቷ ከውድድሩ ወጣች። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ ሦስተኛውን የአፍሪካ ዋንጫ ስትወስድ የቡድኑ አሠልጣኝ እርሳቸው ነበሩ።

ከዚህ በኋላ ያለው የአቶ ይድነቃቸው ሕይወት በአብዛኛው ያለፈው በስብሰባ አዳራሽ ነው። የትግሉ ፍሬ ነገር በቁጥር ሲታይ ግልጽ ነው። ለ1958 ዓ.ም. የእንግሊዝ የዓለም ዋንጫ መላው አፍሪካ አንድ ቀጥተኛ ቦታ እንኳ አልተሰጠውም፤ የአህጉሩ አሸናፊ ከሌላ ክፍለ ዓለም አሸናፊ ጋር እንዲጋጠም ነበር የተወሰነው። የአፍሪካ አገሮች በአንድ ቃል ከማጣሪያው ሲወጡ፣ ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር ከተቃውሞው ግንባር ቀደሞች አንዱ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ውጤቱም ለ1962 ዓ.ም. የሜክሲኮ ውድድር አንድ ቀጥተኛ ቦታ ሆነ። ከ16 ቦታ አንድ ብቻ መሆኑ ግን የአህጉሩን ስፋት ለሚያስብ ሰው ገና ጅማሬ ነበር።

በ1964 ዓ.ም. የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ የብራዚሉ ዣው ሃቨላንዥ በአፍሪካውያን ድምፅ ጭምር ተረድተው የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽንን መሪነት ከእንግሊዛዊው ሰር ስታንሊ ራውስ ሲረከቡ፣ ለታዳጊ አገሮች ከገቡት ቃል አንዱ የወጣቶች የዓለም ሻምፒዮና ነበር። ቃሉም በ1969 ዓ.ም. ተፈጸመ፤ የመጀመሪያው ሻምፒዮና የተካሄደውም በአፍሪካ ምድር፣ በቱኒዚያ ነው። ከተካፈሉት 16 ቡድኖች መካከል ቱኒዚያ፣ ሞሮኮና አይቮሪ ኮስት ሦስት ሆነው አፍሪካን ወከሉ። ሶቪየት ኅብረት ሜክሲኮን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። ለአፍሪካ ግን ዋናው ቁም ነገር ሌላ ነበር፤ በዐዋቂዎች ዋንጫ አንድ ወንበር ብቻ የነበረው አህጉር በወጣቶቹ ገበታ ሦስት ወንበር አገኘ፤ አስተናጋጅም ሆነ።

ለዚህ ገበታ የሚቀርብ ቡድን የሚመረጥበት አህጉራዊ ውድድር ስላስፈለገም፣ በ1971 ዓ.ም. የአፍሪካ ወጣቶች ሻምፒዮና ተጀመረ። አልጄሪያ ጊኒን አሸንፋ የመጀመሪያዋ ባለድል ሆነች፤ ሁለቱም በዚያው ዓመት በጃፓን በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ተካፈሉ። ዋንጫው በፕሬዚዳንቱ ስም ሲሰየም የተሰማ ዋንጫ ተባለ። በኢትዮጵያ ልማድ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው፤ በውጭ አገር ግን የኋለኛው ስም የቤተሰብ መጠሪያ ተደርጎ ይወሰዳል። በዚህም የተነሣ ለልጁ የታሰበው ክብር በምንጃሩ ባለቅኔ ስም ተጻፈ።

አቶ ይድነቃቸው የወጣቶችን ውድድር አጥብቀው የያዙበት ሌላም ምክንያት ነበራቸው። የአፍሪካ ምርጥ ተጨዋቾች ገና ሳይበስሉ ወደ አውሮፓ ቡድኖች መፍለሳቸው ያሳስባቸው ነበር። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በአፍሪካ ዋንጫ አንድ ቡድን በውጭ አገር የሚጫወቱ ከሁለት በላይ ሰዎች እንዳያሰልፍ የሚከለክል ደንብ ነበር፤ ይሁን እንጂ ፍልሰቱ አልቆመም፤ ደንቡም በ1974 ዓ.ም. ተሻረ። በሕግ ያልተገታውን ነገር በምትክ መመለስ፣ ማለትም አንዱ ሲሄድ ሌላውን ማብቀል፣ የቀረው መንገድ ነበር።

የዚህን መንገድ ፍሬ በዐይናቸው ለማየት በቁ። በ1977 ዓ.ም. ክረምት ናይጄሪያ በቻይና በተደረገው ከ16 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮና ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 0 አሸንፋ፣ የዓለም ፌዴሬሽኑን ዋንጫ የወሰደች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት አገር ሆነች። በዚያው ክረምት የናይጄሪያ ወጣቶች በሶቪየት ኅብረት በተካሄደው የወጣቶች ሻምፒዮና አስተናጋጇን በፍጹም ቅጣት ምት ረትተው ሦስተኛ ወጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ በቡሄ ዕለት፣ አቶ ይድነቃቸው በፕሬዚዳንትነታቸው ላይ እንዳሉ ዐረፉ።

ሥራቸው ግን ያለ እንከን አልቀጠለም። በ1981 ዓ.ም. ናይጄሪያ የተጨዋቾቿን ዕድሜ በማዛባቷ ከወጣቶች ውድድር ለሁለት ዓመት ታገደች፤ ልታስተናግደው የነበረውም ሻምፒዮና ለፖርቱጋል ተሰጠ። ነገን ለመገንባት የታሰበው ውድድር የዛሬን ዋንጫ ለመንጠቅ ሲውል ምን እንደሚከተል በዚህ ታየ።

የራሳቸው አገር ዕጣም ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ኢትዮጵያ ለወጣቶች የዓለም ሻምፒዮና የበቃችው እርሳቸው ካረፉ ከ14 ዓመት በኋላ ነው። በ1993 ዓ.ም. አዲስ አበባ የአፍሪካ ወጣቶችን ሻምፒዮና ስታስተናግድ ኢትዮጵያ አራተኛ ወጥታ ወደ አርጀንቲና ተጓዘች፤ በዚያም በኢኳዶር፣ በኮስታ ሪካና በኔዘርላንድ ተሸንፋ ተመለሰች። ከአዲስ አበባ አብረዋት ካለፉት መካከል ጋና ሁለተኛ፣ ግብፅ ሦስተኛ ሆኑ። ጋና በ2002 ዓ.ም.፣ ሞሮኮ ደግሞ በ2018 ዓ.ም. ዋንጫውን ራሱን ወሰዱ።

ከአንኮበር እስከ ምንጃር በየቀበሌው ሜዳ ለሚሮጠው ልጅ የዓለሙ ደጅ እንዲከፈት ካደረጉት አንዱ የምንጃሬው ባለቅኔ ልጅ ናቸው። ደጁ ተከፍቷል፤ ልጁን ከቀበሌው ሜዳ እስከ ደጁ የማድረሱ ሥራ ግን ለአሠልጣኙ፣ ለመምህሩና ለስፖርት አስተዳዳሪው የተተወ ነው።