ኤሚል ዱርካይምና ያላዩት ዲግሪ

ዛሬ በብዙ አገር ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወጣ ወጣት ሶሲዮሎጂን፣ ማለት የሰውን የማኅበር ኑሮ የሚመረምረውን ትምህርት፣ እንደ ሕግና እንደ ታሪክ መርጦ ይማራል፤ ሲጨርስም ዲግሪውን ይቀበላል። በፈረንሳይ አገር ይህ ትምህርት ከዩኒቨርስቲ እንዲገባ ዕድሜ ልካቸውን የደከሙት ሊቅ ኤሚል ዱርካይም ግን በአገራቸው በዚህ ስም የተሰጠ አንድም ዲግሪ ሳያዩ ሞቱ።

ዱርካይም በ1858 ዓ.ም. (ይህም ሆነ ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በምሥራቅ ፈረንሳይ በኤፒናል ከተማ ተወለዱ። አባታቸውም አያታቸውም የአይሁድ ሃይማኖት መምህራን ስለ ነበሩ፣ ልጁም በዚያው ወንበር ይተካል ተብሎ ይታሰብ ነበር። እርሳቸው ግን ገና በወጣትነታቸው ወደ ዓለማዊው ትምህርት አዘነበሉ። ፓሪስ ወደሚገኘው ወደ ታላቁ ኤኮል ኖርማል ለመግባት ሁለት ጊዜ ተፈትነው ወደቁ፤ በሦስተኛው ጊዜ በ1879 ገቡ። በ1882 የፍልስፍና መምህርነት ፈተና ባለፉ ጊዜም ከመጨረሻው ሁለተኛ ነበሩ። ዘንድሮ በማርክ ማነስ ያዘነ ተማሪ ቢኖር ይህን ልብ ይበል።

ጥቂት ዓመት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፍልስፍና ካስተማሩና በጀርመን አገር ያለውን ትምህርት ጎብኝተው ከተመለሱ በኋላ፣ የከፍተኛ ትምህርት ዳይሬክተር የነበሩት ሉዊ ሊያር በ1887 ወደ ቦርዶ የሥነ ጽሑፍ ፋኩልቲ ሾሟቸው። ሹመቱ የማስተማር ዘዴንና የማኅበራዊ ኑሮ ሳይንስን እንዲያስተምሩ ነበር። ለመንግሥት ይበልጥ አስፈላጊው የፊተኛው ነው፤ አዲስ ለተከፈቱት ትምህርት ቤቶች መምህራን ያስፈልጉ ነበርና። ስለዚህ አዲሱ ዕውቀት በዋናው በር ሳይሆን በጓሮ በር ገባ ማለት ይቻላል።

ይህ ሳይንስ የራሱ የሆነ ነገር የለውም፣ ሁሉን ከፍልስፍናና ከሕግ ተበድሮ ነው የሚሉ ሊቃውንት በዙሪያቸው ሞልተው ነበር። ዱርካይም በክርክር ብቻ አልመለሱላቸውም፤ በ1895 የጥናቱን ደንብ ጻፉ፣ በ1897 ደግሞ ራስን ስለ መግደል ያዘጋጁትን መጽሐፍ አወጡ። ነገሩ የታሰበበት ነው። ሰው ከሚሠራው ሥራ ሁሉ ከዚህ ይበልጥ የግል የሚመስል ምን አለ? የእኅታቸው ልጅ ማርሴል ሞስ ወደ 26,000 የሚሆኑ የሞት መዝገቦችን በዕድሜ፣ በጾታ፣ በትዳርና በልጅ ብዛት ለየላቸው። ቁጥሩ በየአገሩ ከዓመት ወደ ዓመት እምብዛም እንደማይለዋወጥ፣ በፕሮቴስታንቶች ዘንድ ከካቶሊኮች፣ ባላገቡት ዘንድም ካገቡት እንደሚበዛ አሳዩ። እንግዲህ ሰውን ከሰው የሚያስተሳስረው ገመድ መላላትና መጥበቅ በአንድ ሰው ሞት ላይ ሳይቀር ኀይል አለው ማለት ነው። መዝገቦቹ ጉድለት እንዳለባቸው ከእርሳቸው በኋላ የመጡ ሊቃውንት አመልክተዋል፤ ቢሆንም የጥያቄው አጠያየቅ እስከ ዛሬ ተማሪ የሚማረው ነው።

በ1898 ዓመታዊ መጽሔት መሥርተው ወጣት ተመራማሪዎችን ሰበሰቡ። በ1902 ወደ ፓሪስ ሶርቦን ቢዛወሩም፣ የተሰጣቸው ወንበር አሁንም የትምህርት አሰጣጥ ወንበር ነበር። የሶሲዮሎጂ ስም በዚያ ወንበር ላይ የተጨመረው በ1913፣ እርሳቸው ሃምሳ አምስት ዓመት ሲሞላቸው ነው።

በዓመቱ ጦርነት ተነሣ። ያሳደጓቸው ተማሪዎች ወደ ግንባር ዘመቱ፤ ብዙዎቹ አልተመለሱም፤ ተስፋ የተጣለበት ሮቤር ኤርትዝ በ1915 ወደቀ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ፣ የቋንቋ ሊቅ ይሆናል ተብሎ የተጠበቀው አንድ ወንድ ልጃቸው አንድሬ በባልካን ግንባር ቆስሎ ሞተ። መርዶው የደረሳቸው ከብዙ ጭንቀት በኋላ ነበር። ዱርካይም ከዚህ ኀዘን አላገገሙም፤ በኅዳር 1917 በሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ዐረፉ።

በ1920 ሶሲዮሎጂ ከግብረ ገብ ጋር ተዳብሎ የፍልስፍና ዲግሪ አንዱ ክፍል ሆነ። ራሱን ችሎ ሊሳንስ የሚባለው የመጀመሪያ ዲግሪ የተሰጠበት ግን በ1958 ነው። ለዚህ ከደከሙት ዋናው ሬይሞን አሮን የዱርካይምን ሐሳብ በብዙ ነገር የሚነቅፉ ሰው ነበሩ።