የአበባ ሠዓሊው የሉዊጂ ባሉጋኒ ታሪክ

አዘዞ ከጎንደር በስተ ደቡብ በድማዛ ወንዝ አጠገብ ያለች አገር ናት። ዐፄ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥትና ገነተ ኢየሱስ የተባለውን ቤተ ክርስቲያን ሠርተውባት ነበር፤ ኋላም ዳግማዊ ዐፄ ኢያሱ ከወዳጆቻቸው ጋራ የሚያርፉበት ቤት አሠሩባት። በ1770 ዓመት በጥቅምት ወር (በዚህ ታሪክ የሚነገረው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) እስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የዓባይን ምንጭ ለማየት ከጎንደር ተነሥቶ በዚያ አለፈ። የንጉሡም ቤት በብርቱካን ዛፍ ተከቦ ከቶ ሊታይ እስከማይችል ድረስ ተሸፍኖ እንዳገኘው ጻፈ። ዛፎቹ ያለ ሥርዓት የተተከሉና እጅግ ረዣዥሞች እንደ ነበሩ፥ በአጠገቡም ባለው ኮረብታ ላይ ታላቁ የተክለ ሃይማኖት ደብር እንዳለ ነገረን። አንድ ነገር ግን ሳይነግረን ቀረ። በዚያ ቀን በብርቱካኑ ጥላ ሥር ከብሩስ ጋራ ያለፈ ሌላ ፈረንጅ ነበረ፤ ስሙም ሉዊጂ ባሉጋኒ ነው።

ባሉጋኒ በ1737 በኢጣልያ አገር በቦሎኛ ከተማ ተወለደ። በዚያች ከተማ አካዴሚያ ክሌሜንቲና በሚባለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብቶ የሕንፃ ሥዕል ተማረ፤ በትምህርቱም ሽልማት አገኘ። በዚያን ጊዜ ብሩስ በአልጄር ከተማ የእንግሊዝ ቆንስል ነበረ፤ በሰሜን አፍሪካ ያለውን የጥንት ሮማውያንን ፍራሽ እየዞረ ለማየት ስላሰበም፥ እጁ የሠለጠነ ሠዓሊ ይፈልግ ነበር። በ1765 ባሉጋኒን ቀጠረው። ሁለቱም በቱኒስና በአልጄርያ በትሪፖሊም በረሃ ዞሩ፤ ወደ ፓልሚራና ወደ በዓልቤክ ፍራሾች ደረሱ፤ ባሉጋኒም ዓምዱን እየለካ፥ የድንጋዩን ቅርጽ እየቈጠረ ይሥል ነበር። ይህ ልማድ በኋላ ለአበባ ሥራ ጠቀመው ብዬ አስባለሁ። የዓምድ ጕልላት ላይ የተቀረጸውን ቅጠል አንድ በአንድ የሚቈጥር ሰው፥ የሕያዋን አበቦችንም ቅጠል ሳይቈጥር አያልፍምና።

በመስከረም ወር 1769 ምጽዋ ገቡ፤ በየካቲት 1770 ጎንደር ደረሱ። በከተማው ፈንጣጣ ገብቶ ነበርና ብሩስ በቍስቋም በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ሕሙማንን ሲያክም በዚያ ምክንያት በቤተ መንግሥቱ ሞገስ አገኘ። ባሉጋኒ ግን ሐኪም አልነበረም፤ ባለሟልም አልሆነም። ሥራው ወረቀት ዘርግቶ መሣል ነበር።

አንባቢ ሆይ፥ አበባን መሣል እንዴት ያለ ሥራ እንደ ሆነ ጥቂት ልንገርህ። በአውሮፓ አገር የአትክልት ስፍራ አበባ የሚሥሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ በዘይት ቀለም ይሥሉ ነበር። ቀለሙ በድንጋይ ከተፈጨ በኋላ በተልባ ዘይት ይለወሳል፤ በሸራም ላይ ይቀባል። ለመድረቅ ብዙ ቀን ይፈልጋል፤ ስለዚህም ሠዓሊው ዛሬ የሳተውን ነገ ሊያርም ይችላል። በሆላንድ አገር የነበረው ያን ፋን ሆይሱም አንዲት ጽጌ ረዳ እስክታብብለት ድረስ ሥዕሉን ሳይፈጽም እስከሚመጣው ወራት ያቆይ ነበር። እንዲህ ያለው ሥራ ቤት ላለውና ጊዜ ለተረፈው ሰው ነው። ከአገር ወደ አገር በጓዝ የሚሄድ ሰው ግን እርጥብ ሸራ ሊጭን አይችልም። ስለዚህ የመንገደኛ ሠዓሊ መሣሪያው እርሳስና የውሃ ቀለም ነው። የውሃ ቀለም ከሙጫ ጋራ ተለውሶ የደረቀ ነው፤ በውሃ ይርሳል፤ በወረቀትም ላይ ወዲያው ይደርቃል። ብርሃን የሚያስፈልግበትን ስፍራ ሠዓሊው ሳይቀባ ይተወዋል፤ የወረቀቱ ንጣት ብርሃን ይሆንለታልና። ነገር ግን የሳተው አይታረምለትም። የተቈረጠችው አበባ ደግሞ አትጠብቀውም፤ በጧት የመጣች በማታ ትጠወልጋለች።

የአገራችን ሠዓሊም አበባ መሣል ያውቃል። በብራና መጻሕፍት ራስጌ የሚሣለው ሐረግ ከአባት ወደ ልጅ የወረደ ጥበብ ነው፤ ለመጽሐፉ ክብር የተሠራ ነውና የአንድ ተክል መልክ ነው ተብሎ አይጠየቅበትም። የባሉጋኒ ሥራ ከዚህ የተለየ ነው። ቅርንጫፉን ከሣለ በኋላ አበባውን ፈልቅቆ፥ ፍሬውንና ዘሩን ለብቻ ለብቻ ያስቀምጣል፤ ያንን ተክል ከቶ ያላየ ሰው በሥዕሉ ብቻ እንዲያውቀው ነው። ብሩስ በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ከሚገኙት የአገራችን ተክሎች መካከል ቍልቋል፥ ዋንዛ፥ ወልከፋ፥ እንሰት፥ ጤፍ፥ ዋጊኖስና ኮሶ ይገኛሉ። እኛ ኮሶን ስናስብ ምሬቱን ብቻ እናስባለን፤ በዛፉ ላይ ተንዠርግጎ የሚወርደውን ቀይ አበባውን ቀና ብሎ ያየ ጥቂት ነው። ቀንጠፋም አለ። ይህ እሾሃም ተክል በመንገድ ላይ የዐፄ ተክለ ሃይማኖትን ልብስ ስለ ያዘ፥ መንገዱን አላስጠረግህም ተብሎ የአገሩ ሹም ከልጆቹ ጋራ እንደ ተሰቀለ ብሩስ ይተርካል። ለአንድ ቍጥቋጦ እንዲህ ያለ ፍርድ መፍረድ ጭካኔ ነው።

ከአዘዞ ካለፉ በኋላ ጥቂት ቀን ተጕዘው በ4 ኅዳር 1770 ግሽ ዓባይ ደረሱ፤ ባሉጋኒም የመንገዱን ነገር በእጁ ይጽፍ ነበር። ወደ ጎንደርም ተመለሱ። በ1771 መጀመሪያ ግን ተቅማጥ ያዘውና በዚያው በጎንደር ሞተ፤ ዕድሜው ከሠላሳ አራት ዓመት አልበለጠም። ዋጊኖስ የአገሩ ሰው ለተቅማጥ የሚታከምበት ተክል ነው፤ ብሩስ ራሱ በኋላ በራስ ፊል ታሞ በእርሱ እንደ ዳነ ጽፏል።

ብሩስ በ1771 መጨረሻ ከጎንደር ወጥቶ በስናር በኩል ሄደ። በኑብያ በረሃ ግመሎቹ አለቁና ጓዙን ሁሉ፥ ወረቀቱንም ጭምር፥ በአሸዋ ላይ ጥሎ በእግሩ አስዋን ገባ። ነገር ግን አልተወውም፤ ሌላ ግመል ይዞ ተመልሶ አነሣው። ስለዚህ እውነቱን ለመናገር፥ ያ ሰው በበረሃ ባይደክም ኖሮ ከሥዕሎቹ የሚበዙት በጠፉ ነበር። ለጕዞው ገንዘብ ያወጣም፥ መንገዱን የመራም እርሱ ነው።

በ1790 በአምስት ቅጽ ያሳተመው መጽሐፍ እስከ ዛሬ ድረስ ስሙን አስጠርቶታል። በዚያ መጽሐፍ ግን ሥዕሎቹን የሣለ ራሱ እንደ ሆነ አድርጎ ተናገረ። ባሉጋኒም ወደ ዓባይ ምንጭ ከመሄዳቸው አስቀድሞ እንደ ሞተ አድርጎ ጻፈ፤ በምንጩ አጠገብ ብቻውን የቆመ ለመባል ነው። ይህንም በባሉጋኒ ላይ ብቻ አላደረገውም። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የነበረው ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ያን ምንጭ አይቶ ጽፎ ሳለ፥ ብሩስ አላየውም ብሎ ተከራከረ። ለአገራችን ተክሎች በተሰጠው ስም ደግሞ እይ፤ ኮሶን ብሩስ በወዳጁ በጆሴፍ ባንክስ ስም ጠራው፤ ዋጊኖስን የአውሮፓ ሊቃውንት በብሩስ ስም ብሩሴያ አሉት።

ብሩስ በ1794 በቤቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ። ከእርሱ በኋላ አሌክሳንደር መሬይ የተባለ ሊቅ መጽሐፉን ሁለተኛ ጊዜ ለማሳተም የቀሩትን ወረቀቶች መረመረ። በዚያ ውስጥ የባሉጋኒን የእጅ ጽሕፈት አገኘ፤ ሞቷል በተባለበት ወራት ስለ ግሽ መንገድ የተጻፈ ነው። መሬይም ይህን ሳይደብቅ በ1805 አስታወቀ። ሥዕሎቹ ግን በብሩስ ዘሮች ቤት ብዙ ዘመን ተቀመጡ። ኋላ ተሸጠው ወደ አሜሪካ ተሻገሩ፤ ዛሬ በኒው ሄቨን ከተማ በየል ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝ ሥነ ጥበብ ቤት ተጠብቀው ይገኛሉ። በ1991 ሊቃውንት ተክሎቹን አንድ በአንድ እየለዩ ትልቅ መጽሐፍ አወጡላቸው፤ በመጽሐፉም ርእስ ላይ የሠዓሊው ስም ተጽፏል።