ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፤ ሁለት ጊዜ ለትምህርት ባሕር የተሻገሩ ሰው

ከሮቤ ከተማ ወጥቶ በሲናና ሜዳ የሚጓዝ መንገደኛ ዐይኑ የሚያርፈው በስንዴ ላይ ነው። በባሌ ደጋ ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚጥል የሲናና ገበሬ ሁለት ጊዜ ይዘራል፤ ሁለት ጊዜም ያጭዳል። አንደኛውን ወቅት ገና፣ ሁለተኛውን ቦና ይለዋል። አዝመራው በደረሰ ጊዜ ኮምባይነሩ ከእርሻ ወደ እርሻ ሲዘዋወር ለሚያይ ሰው ይህ አገር ከዳቦ በቀር ሌላ ሐሳብ ያለው አይመስልም።

ነገር ግን ሌላም ሐሳብ አለ። በዚሁ ወረዳ በ1978 ዓ.ም. የተቋቋመው የሲናና የግብርና ምርምር ማዕከል ይገኛል፤ በሮቤም የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ አለ። በነዚህ ቤቶች የሚሠሩና የሚማሩ ወጣቶች፣ እንዲሁም በሮቤና በጎባ ጽሕፈት ቤቶች የተመደቡ ጀማሪ ሹማምንት ከሥራ በኋላ ሻይ ይዘው ሲቀመጡ ወሬያቸው ብዙውን ጊዜ ስለ ነፃ የትምህርት ዕድል ነው። ጃፓን ስንት ትሰጣለች? ጀርመን ምን ትጠይቃለች? ማመልከቻው የሚዘጋው መቼ ነው? እኛም ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ብዙ ጊዜ ስላልሆነን ይህን ጥያቄ ስንጠይቅ ኖረናል። ነገር ግን በዚህ ሁሉ ጨዋታ መካከል እምብዛም የማይሰማ አንድ ጥያቄ እንዳለ አስተውለናል፤ እሱም ምን ልማር፣ ለማንስ ልማር የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ አስቀድሞ ኑሮ ራሱ የጠየቃቸው አንድ ሰው ነበሩ። ስለዚህ ዛሬ የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን ታሪክ ለወጣት አንባቢዎቻችን ባጭሩ ልናቀርብ ወደድን።

ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. በሸዋ፣ ሰያ ደብር በተባለው ስፍራ ተወለዱ። የመጀመሪያ ትምህርታቸው እንደ ዘመናቸው ልጆች ሁሉ የቤተ ክህነት ትምህርት ነበር። ገና በልጅነታቸው ወደ ሐረር ወርደው ከራስ መኰንን ቤት ገቡ። ሐረር በዚያን ጊዜ የውጭ አገር ነጋዴና መልእክተኛ የሚመላለስባት የንግድ ከተማ ስለ ነበረች ለአንድ የሸዋ ልጅ ከትምህርት ቤት የማይተናነስ ስፍራ ነበረች።

በ1888 ዓ.ም. ራስ መኰንን ጦራቸውን ይዘው ወደ ሰሜን ሲዘምቱ ተክለ ሐዋርያትም አብረው ሄዱ። ዕድሜያቸው ገና አሥራ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር። የዓድዋን ጦርነት በዐይናቸው አዩ። ከድሉ በኋላም ወደ ኢትዮጵያ ይመላለስ የነበረው የሩሲያ መኰንን ሌዎንቲዬፍ ጥቂት ኢትዮጵያውያን ልጆችን ለትምህርት ወደ አገሩ ሲወስድ ተክለ ሐዋርያት ከመካከላቸው አንዱ ሆኑ።

እንግዲህ አስተዋይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል። ይህ ልጅ ማመልከቻ አልጻፈም፤ የትምህርቱንም ዓይነት አልመረጠም። ታላላቆች መረጡለት፤ እሱም ሄደ። በዓድዋ ማግሥት መድፍና መድፈኛ የአገር ሁሉ መነጋገሪያ ስለ ነበሩ የተማሩትም ያንኑ ሆነ። በሩሲያ በደጋግ ሰዎች ቤት አድገው፣ ቋንቋውን ተምረው፣ በሴንት ፒተርስበርግ ከታወቀው የሚካኤል የመድፈኞች ትምህርት ቤት ገብተው የመድፍ መኰንንነትን ትምህርት ፈጸሙ። በሩሲያ የቆዩት ከ10 ዓመት በላይ ነው፤ ልጅ ሆነው የሄዱት ሰው ጎልማሳ ሆኑ።

በዚያ በቆዩበት ዘመን አንድ ትልቅ ነገር ተፈጸመ። በ1896 ዓ.ም. የተጀመረው የሩሲያና የጃፓን ጦርነት በ1897 ዓ.ም. መጨረሻ በጃፓን ድል አድራጊነት አለቀ። ከጥቂት ዐሥርተ ዓመታት በፊት በሯን ዘግታ ትኖር የነበረች የእስያ ደሴት ልጆቿን ወደ ውጭ ልካ፣ ያስተማረቻቸውንም መልሳ ሥራ ላይ አውላ አንዱን የአውሮፓ ኃያል መንግሥት አሸነፈች። ይህ ወሬ በሩቅ አገር የሰሙት ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ተክለ ሐዋርያት ግን በተሸናፊው አገር ውስጥ ተቀምጠው ነበር ያዩት። የጃፓን ነገር ወደ ፊት በሥራቸው ውስጥ ተመልሶ እንደሚመጣ እናያለን።

በመጨረሻ ወደ አገራቸው ሲመለሱ የጠበቃቸው ሌላ ነገር ነበር። አሳዳጊያቸው ራስ መኰንን በ1898 ዓ.ም. ዐርፈዋል። ዓፄ ምኒልክም በሕመም ተይዘው ነበር። በቤተ መንግሥት ዙሪያ የነበረው ጭንቀት ስለ ወራሹ ነው እንጂ ከሩሲያ ስለ መጣ አንድ መኰንን አልነበረም። ከውጭ አገር የተመለሰ ሰው በዚያ ዘመን ልብሱም፣ አነጋገሩም፣ አሳቡም ለትዝብት የሚዳርገው ነበር። ብዙዎች እንዲህ ያለ አቀባበል ሲያጋጥማቸው ወይ ተስፋ ቆርጠው ዝም ይላሉ፣ ወይም ወደ ሄዱበት ተመልሰው በዚያው ይቀራሉ።

ተክለ ሐዋርያት ግን ሦስተኛ መንገድ መረጡ። እንደ ገና ወደ አውሮፓ ተሻገሩ፤ ነገር ግን በዚህ ጊዜ መድፍ ሊማሩ አይደለም፤ የእርሻን ሥራ ሊማሩ ነው። በፈረንሳይና በእንግሊዝ አገር ተቀምጠው የግብርናን ትምህርት ተከታተሉ። አንድ የጦር መኰንን፣ ያውም በዚያ ዘመን፣ ሰይፉን ትቶ ስለ አፈርና ስለ ዘር ለመማር መቀመጡ ለጓደኞቹ እንደ ውርደት ሳይቈጠር አይቀርም። የኛ አስተያየት ግን የተለየ ነው። የመጀመሪያውን ትምህርት ሌሎች መረጡላቸው፤ ሁለተኛውን ግን አገራቸውን በጎልማሳ ዐይን ካዩ በኋላ ራሳቸው መረጡ። ሕዝቡ በምን እንደሚኖር ተመልክተው የጎደለውን ሊያመጡ ሄዱ። በሁለቱ ጉዞዎች መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው፤ ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣንም እሱ ነው።

በልጅ ኢያሱ ዘመን ጨርሰው ከተመለሱ በኋላ የመንግሥት ሥራ ተራ በተራ መጣላቸው። ከ1909 ዓ.ም. ጀምሮ ጅጅጋን በገዙበት ጊዜ ከተማይቱ በዘፈቀደ ሳይሆን ቀጥ ባሉ መንገዶች ተከፋፍላ እንድትሠራ አደረጉ። ከዚያም በጨርጨር አውራጃ ተሹመው ዛሬ ጭሮ የምትባለውን የአሰበ ተፈሪን ከተማ ቈረቈሩ። ጨርጨር ለሌላው አገር አስተዳደር ምሳሌ ይሆን ዘንድ የታሰበ አውራጃ ነበር፤ ከሳቸው በኋላም በሕንድና በስኮትላንድ ተምረው የመጡት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ያስተዳደሩት ይህንኑ አውራጃ ነው።

ከነዚህ ሥራዎች ጋር አንድ ሌላ ነገር ሠሩ፤ ዛሬ ስማቸው በተማሪዎች ዘንድ በይበልጥ የሚታወቀውም በዚሁ ነው። በሩሲያና በፈረንሳይ ቴያትር ማለት ሕዝብ ራሱን የሚያይበት መስታወት እንደ ሆነ አይተው ነበር። በአዲስ አበባ ግን በመድረክ ላይ የሚታየው ከዘፈንና ከጭፈራ የማያልፍ ሆኖ አገኙት። ስለዚህ የላ ፎንቴንን የእንስሳት ተረቶች መሠረት አድርገው ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ የተባለውን ድርሰት ጻፉ። በ1913 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ በአንድ ሆቴል ለመኳንንቱ ታየ። የመጀመሪያው የአማርኛ ቴያትር የሚባለው ይህ ነው። ተመልካቾቹ ግን በአውሬዎቹ ውስጥ የጉቦንና የአድልዎን ነገር፣ ምናልባትም የየራሳቸውን መልክ ስላዩ ነገሩ አልተወደደም፤ በንግሥት ዘውዲቱ መንግሥትም ታገደ። ቴያትርም ለብዙ ዓመት ከመድረክ ራቀ።

ከዚህ የምንማረው ነገር ቀላል አይደለም። ከውጭ የመጣ ዕውቀት በአንድ ቀን አይበቅልም። ዘሩ ጥሩ ቢሆን እንኳ መሬቱ መለስለስ አለበት። ተክለ ሐዋርያት ምናልባት የሰሚውን ልብ ሳያለሰልሱ ዘርተው ይሆናል። ይሁን እንጂ ዘሩ አልጠፋም፤ ዛሬ የቴያትር ትምህርት የሚማር ኢትዮጵያዊ ተማሪ ሁሉ የሚጀምረው ከሳቸው ነው።

ከዚያም ትልቁ ሥራ መጣ። ዓፄ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ከጫኑ በኋላ ለአገሪቱ የመጀመሪያ የሆነው ሕገ መንግሥት ሲታሰብ ረቂቁን የማዘጋጀት ሥራ ለተክለ ሐዋርያት ተሰጠ። እሳቸውም በ1881 ዓ.ም. የወጣውን የጃፓን ሕገ መንግሥት እንደ ምሳሌ ወሰዱ። በወጣትነታቸው በሩሲያ ምድር ሆነው ኃይሏን ያዩላት ጃፓን አሁን በአዲስ አበባ የጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ መጣች። ሕገ መንግሥቱ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ታወጀ። በሕጉ ሥልጣን ሁሉ በንጉሠ ነገሥቱ እጅ እንደ ቀረና ሕዝቡ እንደ ራሴውን እንዳልመረጠ መደበቅ አይገባም። ሆኖም መንግሥት በተጻፈ ሕግ ይመራ የሚለው አሳብ በአገራችን የጀመረው በዚያ ቀን ነው።

ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት የገንዘብ ሚኒስትርም ሆነው ሠርተዋል። ቀጥሎም በፓሪስ የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ፤ ኢጣልያ ጦርነት ልታነሣ በምትዘጋጅበት በ1927 ዓ.ም. መጨረሻ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ አገራቸው የቆሙት እሳቸው ነበሩ። ልጅ ሆነው የወጡበት አውሮፓ ያስተማራቸው ቋንቋና ወግ ያን ዕለት ለአገራቸው ጠበቃ ሆነ። ማኅበሩ ግን የሰማውን ያህል አልሠራም፤ በመስከረም 1928 ዓ.ም. ወረራው ተጀመረ።

በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ ተክለ ሐዋርያት ስደተኛ ሆኑ፤ በመጨረሻም በማዳጋስካር ደሴት ተቀመጡ። ኢትዮጵያ በ1933 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች በኋላ እንኳ ቶሎ አልተመለሱም። ወደ አገራቸው የገቡት በ1940ዎቹ መጨረሻ ነው። የአገር መሪዎችን ያማከሩ፣ ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ሃያ ዓመት ያህል ከአገር ርቀው መኖራቸው ለሳቸውም ለአገሪቱም ከባድ ኪሳራ ነበር። ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በ1941 ዓ.ም. ባሳተሙት አርአያ በተባለው ልብ ወለድ ባሕር ማዶ ተምሮ አገሩን ሊያገለግል የተመለሰን ወጣት ታሪክ መጻፋቸው ያለ ምክንያት አይመስለንም። ጥያቄው በቤታቸው ውስጥ ያደገ ጥያቄ ነበር።

ሽማግሌው ፊታውራሪ በተመለሱ ጊዜ ትልቅ ሹመት አልያዙም። ከባሌ ደጋ ማዶ፣ ከዋቢ ሸበሌ ወንዝ ባሻገር በሚገኘው በጨርጨር ደጋ፣ ሂርና በተባለው ስፍራ ተቀምጠው እርሻቸውን ያዙ። በጎልማሳነታቸው ሁለተኛ ጊዜ ባሕር ተሻግረው የተማሩት ትምህርት ሹመቱ ሁሉ ካለፈ በኋላ አብሯቸው የቀረው እሱ ነበር። የሕይወት ታሪካቸውንም ጽፈው ትተዋል፤ መጽሐፉ ከሞታቸው በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሟል። በ1969 ዓ.ም. በ92 ዓመት ዕድሜያቸው ዐረፉ።

አሁን ወደ ሲናና እንመለስ። በ2006 ዓ.ም. በዚሁ ደጋ የግንድ ዋግ የተባለው በሽታ ገብቶ ዲጋሉ የተባለውን የስንዴ ዝርያ የዘራ ገበሬ ሁሉ ክፉኛ ተጐዳ። ዝርያው የተመረጠው ሌላውን በሽታ፣ ቢጫ ዋግን በመቋቋሙ ነበር፤ አዲሱ የግንድ ዋግ ግን አልፎት መጣ። እንዲህ ያለውን ጠላት የሚከላከለው ጸሎትና ትጋት ብቻ አይደለም፤ የዋጉን ዘር ለይቶ የሚያውቅ፣ የሚቋቋመውንም ስንዴ አዳቅሎ የሚያወጣ የተማረ ሰው ነው። ይህም ዕውቀት ከፊሉ በሩቅ አገር ቤተ ሙከራ ይገኛል። ስለዚህ ባሕር ተሻግሮ መማር ቅንጦት ነው የሚል ሰው ቢኖር እኛ አንስማማም።

ነገር ግን ማን ሄዶ ምን ይማር? የእርሻው ድንበር ላይ ቆሞ የገበሬውን ፊት ያየ ወጣት ማመልከቻውን ሲጽፍ የሚጽፈው ነገር አለው። ዕድሉን የሚሰጡትም ይህን ያውቃሉ። የእንግሊዝ መንግሥት ቼቭኒንግ ለተባለው ዕድል አመልካቹ የሁለት ዓመት ያህል የሥራ ልምድ እንዲኖረው ይጠይቃል፤ ትምህርቱንም ሲጨርስ ወደ አገሩ ተመልሶ ሁለት ዓመት እንዲቀመጥ ያዛል። ብዙ ወጣቶች የመጀመሪያውን እንደ እንቅፋት፣ ሁለተኛውን እንደ እስራት ሲቈጥሩት ሰምተናል። ተክለ ሐዋርያት ቢሰሙ ይገረሙ ነበር ብለን እናስባለን፤ ሁለቱንም ማንም ሳያስገድዳቸው ፈጽመዋልና።

አባቶቻችን የተማረ ይግደለኝ ሲሉ ኖረዋል። ይህ ትልቅ አደራ ነው፤ የተማረውን ሰው ፍርድ ከነስሕተቱ ለመቀበል መፍቀድ ነውና። እንግዲህ በሮቤ፣ በጎባ፣ በሲናና ሆናችሁ ማመልከቻ የምትሞሉ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ የመዝጊያውን ቀን ከማየታችሁ በፊት አንድ ቀን ወደ ስንዴው ሜዳ፣ ወይም ወደምታገለግሉት ባለጉዳይ ወረፋ ወጥታችሁ ተመልከቱ። የጎደለውን ካያችሁ በኋላ ተሻገሩ። ስትመለሱም አቀባበሉ ቢቀዘቅዝባችሁ የሂርናውን ሽማግሌ አስታውሱ፤ መድረካቸው ቢታገድ፣ ስደት ቢደርስባቸው፣ በመጨረሻ ወደ መሬታቸው ተመልሰው የተማሩትን ዘርተዋል።