ድል አድርጎ ያላዋረደው ጄኔራል

በኮሎምበስ መሀል ከተማ፣ በኦሃዮ ምክር ቤት ግቢ ውስጥ፣ ብዙዎቻችን ለሥራ ስንሯሯጥ ቀና ብለን ሳናየው የምናልፈው አንድ ሐውልት አለ። አናቱ ላይ ልጆቿን እንደ ጌጥ የቆጠረች የጥንት ሮማ እናት ቆማለች። ከሥሯ ኦሃዮ የምትኮራባቸው ሰባት ሰዎች ተደርድረዋል። አንደኛው ዩሊሲስ ግራንት ነው። የእርሱን ታሪክ ዛሬ ማንሳታችን አለምክንያት አይደለም። የእርስ በርስ ጦርነት ያሸነፈ ወገን የተሸነፈውን ወንድሙን ምን ሊያደርገው ይገባል የሚለው ጥያቄ ከማንም ይልቅ እኛን ኢትዮጵያውያንን ያንገበግበናልና። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ግራንት በ1822 በደቡብ ኦሃዮ ተወለደ። አባቱ ቆዳ ፋቂ ነበር፤ ፋቂ የሚለው ቃል በአገራችን ስድብ ሆኖ መኖሩን ልብ ይሏል። በ1843 ከዌስት ፖይንት ጦር ትምህርት ቤት ከ39 ተመራቂዎች 21ኛ ሆኖ ወጣ። በሜክሲኮ ጦርነት ተዋግቶ በ1854 ሠራዊቱን ለቀቀ። ከዚያ በኋላ የነካው ሁሉ አልያዝለት አለ። በሴንት ሉዊስ መንገዶች ላይ ማገዶ እስከ መሸጥ ደረሰ። ሆኖም በዚያው የድህነት ዘመን፣ በ1859፣ በእጁ የነበረውን አንድ ባሪያ ሸጦ ገንዘብ ማግኘት ሲችል ነፃ አወጣው።

ሚያዝያ 12 ቀን 1861 ደቡቦች ፎርት ሰምተርን ደብድበው ጦርነቱ ሲፈነዳ ግራንት በአባቱ የቆዳ መደብር ውስጥ ተቀጣሪ ነበር። ከአሥር ወር ገደማ በኋላ፣ በየካቲት 1862፣ በቴነሲ የፎርት ዶኔልሰንን ምሽግ ይዞ ከ12,000 በላይ ጠላት ማረከ። ከምርኮኞቹ ከፊሎቹ እዚሁ ኮሎምበስ፣ ካምፕ ቼዝ ወደሚባለው እስር ቤት መጡ። በከተማችን ምዕራብ ዛሬም ከ2,000 በላይ የደቡብ ወታደሮች መቃብር ይታያል።

በሚያዝያ ወር ሻይሎ ላይ በሁለት ቀን ብቻ ከሁለቱም ወገን ከ23,000 በላይ ሰው ሞተ፣ ቆሰለ፣ ጠፋ። ጦርነቱ በአጭር ጊዜ ያልቃል የሚለው ተስፋ እዚያ ተቀበረ። ጥር 1 ቀን 1863 ፕሬዚዳንት ሊንከን የባሪያዎችን ነፃነት ሲያውጅ የጦርነቱ ዓላማ ተለወጠ፤ እስከ ፍጻሜው 180,000 ያህል ጥቁሮች ለሰሜን ተሰለፉ። ሐምሌ 4 ቀን 1863 ግራንት ለ47 ቀን የከበባትን ቪክስበርግን ያዘ፤ የሚሲሲፒ ወንዝ ተከፈተ፣ ደቡብም ለሁለት ተሰነጠቀ። በዋዜማው ጌቲስበርግ ላይ የጄኔራል ሊ ጦር ተሸንፎ ነበር።

በ1864 የሰሜን ጦር ሁሉ አዛዥ ተደርጎ ሊን በቨርጂኒያ ገጠመው። ኮልድ ሃርበር ላይ ባዘዘው ጥቃት በሺህ የሚቆጠሩ ወታደሮቹ በከንቱ ረገፉ፤ በዚህ እስከ ዕለተ ሞቱ ተጸጽቷል። ሰሜኑ ጦርነት ሰልችቶት ሊንከን ምርጫውን ሊሸነፍ ነው በተባለበት ሰዓት፣ ሌላው የኦሃዮ ልጅ ሸርማን በመስከረም አትላንታን ያዘ። ሊንከን ተመረጠ፤ የደቡብ የመጨረሻ ተስፋም ተሟጠጠ።

ሚያዝያ 9 ቀን 1865 ሊ አፖማቶክስ ላይ እጁን ሰጠ። ግራንት ማንንም በሰንሰለት አላሰረም። ወታደሮቹ መሣሪያቸውን አስረክበው ወደየቤታቸው ይሂዱ፣ መኮንኖቹ የጎን ትጥቃቸውን ይያዙ፣ ፈረስና በቅሎ ያለው ለእርሻው ይዞ ይግባ አለ። ለተራበው ጦር 25,000 ራሽን አስላከ። የራሱ ወታደሮች የደስታ ተኩስ ሲጀምሩ አስቆመ። ከሁለት ወር በኋላ ሊ በአገር ክህደት ሲከሰስ፣ ቃሌ ከታጠፈ ሥልጣኔን እለቃለሁ ብሎ ክሱን አስቀረ።

ሊንከን ግን ሰላሙን ሳያይ ተገደለ። አስከሬኑ ከአፖማቶክስ በ20ኛው ቀን እዚሁ ኮሎምበስ ምክር ቤት አርፎ ሕዝቡ ተሰናበተው።

አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ በተሰዉበት በ1868 ግራንት ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። ጥቁሮች የመምረጥ መብት በሕግ ያገኙት፣ ኩ ክላክስ ክላን የሚባለው ሽብርተኛ ቡድን በጦር ኃይል የተመታው በእርሱ ጊዜ ነው። ነገር ግን ሹማምንቱ ሙስና ውስጥ ተነከሩ፤ በ1873 ኢኮኖሚው ወደቀ፤ ሰሜኑም ደከመው። በ1877 ተተኪው የኦሃዮው ሄይስ የፌዴራሉን ጦር ከደቡብ የፖለቲካ መድረክ አነሣ። ነጮቹ ተቃቀፉ፤ ዋጋውን ለ90 ዓመት ገደማ ጥቁሮች ከፈሉ።

ይህ ታሪክ ከእኛ የራቀ እንዳይመስለን። በቪክስበርግ ዘመቻ ግራንትን የተዋጋው የደቡብ ጄኔራል ሎሪንግ፣ በመጋቢት 1876 የግብጽ ጦር ኤታማዦር ሹም ሆኖ ጉራ ላይ ከአፄ ዮሐንስ ጋር ገጥሞ ተሸንፎ ተመልሷል።

ግራንት በ1885 በጉሮሮ ካንሰር ሞተ። ሸሪኩ አክስሮት ባዶ እጁን ቀርቶ ነበርና፣ ቤተሰቡን ከችግር ለማዳን በሕመም እየተሰቃየ የሕይወት ታሪኩን ጽፎ የጨረሰው ሊሞት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው።

እኛስ? በ1991 ደርግ ሲወድቅ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሠራዊት ተበተነ። ለአገሩ ዳር ድንበር ከቆሰለው ብዙው የጠላት ጦር ተብሎ ጎዳና ላይ እጁን ለልመና ዘረጋ። ለዚያ ወታደር በቅሎህን ይዘህ ግባ ያለው አልነበረም። ቂሙ ተቀብሮ አልቀረም። ከ2020 እስከ 2022 በሰሜን የፈሰሰውን ደም አየን፤ በፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈርሞ ዓመት ሳይሞላ በአማራ ክልል ሌላ ጦርነት ተነሣ።

ከግራንት ሕይወት የምንወስደው ሁለት ነገር ነው። የተሸነፈን ማዋረድ የነገን ጦርነት መዝራት ነው። ፍትሕ የሌለው እርቅም ደካማውን አሳልፎ የሚሰጥ ውል ነው። እርሱ የመጀመሪያውን አፖማቶክስ ላይ ፈጸመው፤ ሁለተኛውን ግን አገሩ ጥላው ሄደች። እኛ ሁለቱንም ገና አልጀመርንም።

ቸር ያሰማን።